ዳሽቦርዷ ላይ ያለችው ቆረቆንዳ

ትናንት ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስወርድ ከጎኔ የተቀመጠ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዳሽቦርዱን አየና ሳቀ። ሌላው ሾፌር መልአክ ይለጥፋል፣ የልጁን ፎቶ ይሰቅላል። እኔ ያለችኝ ጥላሸት የመሰለች የበቆሎ ቆረቆንዳ ናት፣ በሽቦ የታሰረች።

«ሾፌር፣ ይቺ ምንድናት?» አለኝ።

«ጥይት ናት» አልኩት።

እስኪወርድ ድረስ አልሳቀም። ነገሩን ግን አልነገርኩትም፤ እስከ ዳንግላ ያለው መንገድ ለኔ ወሬ አይበቃም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ስሜ ይበልጣል ነው። ስም ያወጡልኝ ሰዎች አልተሳሳቱም። ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ አራተኛንም ስለወደድኳት ነው የደገምኳት። ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ዳንግላ አንድ ጋራዥ ውስጥ ክረምቱን ጎማ ስነፋና ብሎን ሳቀብል ከርሜ ስመለስ፣ ከእንጅባራ ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ሰፈራችን መካኒክ መሆኔን ሰማች። ማን ነገራት? እኔ ነኛ!

ጥቅምት ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ለከሰል በተከልነው የዲከረንስ ዛፍ ላይ ተኝቶ አልነሳም ይላል። ድንች የሚቆፈርበት ጊዜ ስለሆነ የሰው እጅ ሁሉ አፈር አፈር ይሸታል። ጎረቤታችን አያ አንለይ አንዲት ላንድሮቨር ነበረቻቸው። በደጉ ጊዜ ሙሽራ፣ በሽተኛ፣ ድንችና ቄስ አንድ ላይ ጭና ዳንግላ የምትወርድ ጉደኛ! በኋላ የአያ አንለይን ዓይን ሞራ ጋረደው። ፈረስ መጋለቡን ግን አልተዉም። «ፈረስ የራሱ ዓይን አለው፤ እሷ የምታየው በእኔ ነበር» ብለው ላንድሮቨሯን የቀርከሃ መጋዘናቸው ውስጥ አስገቡና ገለባ አለበሷት። በዚያው ዓመታት አለፉ። ዶሮዎቹ የሾፌሩ ወንበር ላይ እንቁላል ይጥሉ ጀመር።

በመጨረሻ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዬ መረራቸው። «ድንቼን ውጭ ብርድ እየመታው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይደር?» አሉና ከጫግኒ ቆራሌውን አስጠሩ። ቅዳሜ በአይሱዙ መጥቶ፣ እዚያው ቆራርጦ ሊጭናት ተስማሙ።

ይህን ሰምቼ ብሄድ አያ አንለይ ጎማዋን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«አያ፣ እውነት ሊያስቆርጧት ነው?»

«እኔ መች አያታለሁ ልጄ» አሉኝ። «ሲቆርጧት ግን እሰማለሁ።»

እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። «አስነሳታለሁ!» አልኩ። ድምፄ ለራሴም ጮኸብኝ።

እትዬ ጥሩዬ ከጓሮ ሰምተዋል። «ማን? አንተ? የአባትህን ራዲዮ ፈታህና ይኸው እስካሁን ዘንቢል ውስጥ አይደል ያለው!»

«እስከ ቅዳሜ አስነስቼ አስፋልት ካላወጣኋት ስሜን ለውጡት!»

«አትቸገር፤ ላንተ የሚሆን ስም አላጣም» አሉ።

ገባሁባት ታዲያ። ኮፈኑን ስከፍት የአይጥ ቤተሰብ ከነአያቱ ወጣ። ካንዴላዎቹን ፈትቼ በአሸዋ አሸሁ፣ ካርቡራተሩን በቤንዚን አጠብኩ፣ ዘይቱን ቀየርኩ። ጎማዎቹን በብስክሌት ፖምፓ ስነፋ ትከሻዬ ሊገነጠል ነበር። ምሳችን ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ነው፤ ቤንዚን በነካው እጅ ስትበላው ጣዕሙ ልዩ ነው። ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛዬ ጌትነት ባትሪውን አዋሰኝ። የባጃጅ ባትሪ ግን ካንዴላ ላይ እሳት ያስፈነጥቃል እንጂ የላንድሮቨር ሞተር አያዞርም። ያለችን መንገድ አንድ ናት፦ ጉብታው ላይ አውጥቶ ቁልቁል መልቀቅ። ከቁልቁለቱ ሥር ደግሞ ረግረግ አለ። ካልነሳች የምትቆመው እዚያ ውስጥ ነው፤ ሁለተኛ ሙከራ የለም።

ወደ ላይ ማን ይጎትታታል? አገሩ ፈረስ የሞላበት አገር ነው። ግን የአዊን ሰው «ፈረስህ መኪና ይጎትትልኝ» ብትለው፣ አማቱን ለእርሻ የጠየቅከው ያህል ነው የሚቆጣህ። ፈረስ ይጌጣል፣ ይጋለባል እንጂ እንደ በሬ አይጠመድም። ስለዚህ የአያ አንለይን በሬዎች በቀንበርና በጠፍር ጠመድናቸው። በሬዎቹ ዞር ብለው ያዩዋትና «አሁን ደግሞ ይቺን እንረስ?» የሚሉ ይመስሉ ነበር።

ቅዳሜ ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ፈረሰኞቹም ሊጎትቱ ሳይሆን ሊስቁብኝ በየኮርቻቸው ላይ ሆነው መጡ። ቆራሌው አይሱዙውን ከታች ረግረጉ ዳር አቁሞ ገመዱን እየጠቀለለ «ልቀቋት! ራሷ ትመጣልኛለች!» ይላል።

ልለቃት ስል አያ አንለይ በዳበሳ መጥተው ከጎኔ ገቡ።

«ይውረዱ አያ፣ ፍሬኑ እኮ…»

«ፍሬኑ ምን?»

«ይይዛል… ሲፈልግ።»

«ዝም ብለህ ልቀቃት!»

ጌትነት ከኋላ ገፋ፣ ወረድን። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ። ላንድሮቨሯ ተንቀጠቀጠች፣ «ህእ!» ብላ አንዴ ሳለችና ጸጥ። ደገምኩ። አሁንም «ህእ!» ብላ ጸጥ። ረግረጉ እየቀረበ ነው፣ የቆራሌው ጥርስ እየታየኝ ነው። አዲሱ ስሜ ምን ሊሆን ነው እያልኩ ማሰብ ጀመርኩ። አያ አንለይ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ።

«ትንፋሽ ታስገባለች» አሉ። «አታስወጣም ግን። አንድ ነገር አንቋታል።» ከዚያ ድንገት ጭኔን በጥፊ መቱኝ። «ኧረግ! ይበልጣል! እኔው ነኝ የወተፍኳት!»

«ምኗን?»

«ማርሚታዋን፣ የጭስ መውጫዋን! አይጥ እንዳይገባባት ብዬ በቆረቆንዳ!»

«አሁን ነው እንዴ የሚነግሩኝ!»

«አሁን ነዋ ትዝ ያለኝ!»

እኔ መኪና የማውቀው ከፊት ነበር፤ ጭራዋን ማን አየላት! ወርዶ መንቀል የለ፣ ማቆም የለ። የፈጣሪን ስም ጠርቼ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጥኩና ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ።

ዷ!

እንዲህ ያለ ተኩስ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ጥቁር ጭስ ሰማዩን ሞላው፣ ሞተሩ አገሳ! ፈረሶቹ ከነፈረሰኞቻቸው ወደየአገራቸው በረሩ። በሬዎቹ ቀንበራቸውን ይዘው ገብስ ውስጥ ገቡ። ከኋላችን ሲሮጥ የነበረው ጌትነት ደረቱን ይዞ ተንጋለለና «ተመታሁ! እናቴን ጥሩልኝ!» ይላል። ቆረቆንዳዋ ከጎኑ ተኝታ ትጨሳለች።

መሪውን ጠመዘዝኩ፤ ረግረጉን ለጥቂት ስተን ሜዳው ላይ ወጣን። አያ አንለይ እየሳቁ፣ እንባቸው እየወረደ በአገውኛ ይጮሃሉ። አገውኛ ብዙም አልችል፤ ያን ቀን ግን ሁሉም ገባኝ።

ቆራሌው የመጣንበት መስሎት አይሱዙውን ወደ ኋላ ሲያስፈተልክ ረግረጉ ውስጥ እስከ ጎማው ተቀበረ። ዞረን አጠገቡ ቆምን። አያ አንለይ አንገታቸውን በመስኮት አወጡና፦

«ቆራሌው! ገመድህን አምጣ!» አሉት።

ሊቆርጣት የመጣውን ሰውዬ፣ ሊጎትታት ባመጣው ገመድ ጎትታ አወጣችው። ሲሄድ ቻውም አላለን።

አስፋልቱ ላይ ወጥተን እንጅባራ ከተማን ጥሩንባ እየነፋን ዞርናት። ባጃጆቹ መንገድ ለቀቁልን። እኔ በፍርሃት ሳይሆን ለክብር ነው ብያለሁ። ስንመለስ እትዬ ጥሩዬ መንገድ ላይ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። ሊመርቁኝ ነው ብዬ ጎንበስ አልኩ።

«በል ምን ትገተራለህ! ድንቹን ጫንልኝ፤ የዳንግላ ገበያ ሳይበተን!»

ሾፌር የሆንኩት እንዲህ ነው።

ይኸው ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነኝ፣ ላንድሮቨሯም በእጄ ናት። ከዚያ ወዲህ መኪና አልነሳ ሲለኝ ከኋላዋ ነው የምጀምረው። አያ አንለይ አርጅተዋል፣ አሁን የፀሐይን ብርሃን እንኳ አይለዩም። ማታ ማታ ግን በዳበሳ መጥተው ማርሚታዋን በአዲስ ቆረቆንዳ ይወትፋሉ። ጠዋት እነቅላለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ ሆን ብዬ እረሳና ሰፈሩን አስነሳለሁ።

ስንቀሳቀስ በራቸው ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። እትዬ ጥሩዬ እንደነገሩኝ፣ እኔ ጉሙ ውስጥ ከጠፋሁ በኋላም «አሁን ዳገቷን ጨረሰ… አሁን ሦስተኛ አስገባ… አሁን አስፋልቱን ያዘ» እያሉ አያ ይነግሯቸዋል። ድምጿ እስኪጠፋ ድረስ ቤት አይገቡም።

ስለዚህ ማርሽ ሳስገባ አሳምሬ ነው የማስገባው። በአዊ ምድር እንደኔ ማርሽ የሚያስገባ የለም። ካላመናችሁ አያ አንለይን ጠይቁ።