የቀኝ እጅ ደም

የምሠራበት ላብራቶሪ የካ ዳገት ላይ ነው። ከመገናኛ በታክሲ መጥቼ ቀሪውን በእግሬ ወጥቼ በሩ ላይ ስደርስ፣ ምርመራ የሚያስፈልገኝ እኔው ነኝ። ሥራችን የካንሰር መድኃኒት በታካሚ ደም ውስጥ ምን ያህል እንዳለ መለካት ነው። መድኃኒቱ ከዛፍ ልጣጭ የተገኘ ነው፤ እንጦጦን የወረረው ባሕር ዛፋችን ግን ከጉንፋን አልፎ አያውቅም፣ ሰነፍ! መሣሪያችን መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን ጉበት ፈጭቶ የሚያወጣቸውን ስብርባሪዎችም ለይቶ ያሳያል። ዓባይ ውስጥ ቁንጣሪ ስኳር ብትጥል የጣለውን ሰው ስም ሳይቀር ይነግርሃል።

አንድ ቀን የሰፈሬ ባለሱቅ የሆኑት የእማማ ደም መጣ። ቁጥሩ ጣሪያ ነካ፤ ዝሆን የሚጥል መድኃኒት! ሐኪማቸው በስልክ «በሚቀጥለው ዙር መድኃኒቱን በግማሽ እቀንሳለሁ» አለኝ። እብጠታቸው ደግሞ መሟሸሽ የጀመረው ገና አሁን ነበር።

ስብርባሪዎቹ ግን ከወትሮው አልጨመሩም። ያ ሁሉ መድኃኒት ከተፈጨ ዱቄቱ የታለ? ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ባልደረባዬ «አንተ ሰውዬ፣ አረፍ በል! ወለሉን ጨረስከው እኮ» አለችኝ።

ከሥራ ስወጣ እማማ ሱቅ ገባሁ። ሐሳቤ እዚያው መሣሪያው ጋ ስለነበር ለዳቦው ግራ እጄን ዘረጋሁ። ዳቦውን ወደ ኋላ ሳቡት።

«በግራህ ልትቀበለኝ? ይሄን ሁሉ ሽበት ይዘህ!»

እጄ አየር ላይ ቀረ። «እማማ፣ ደም ሲወስዱብዎ የትኛውን እጅ ሰጧቸው?»

«ቀኜን ነዋ! ነርሷ ግራዎን ብትለኝ እንቢ አልኩ። ለሰው ግራ ይዘረጋል እንዴ? እሷም አክብራኝ እሺ አለች።»

«መድኃኒቱስ ያኔ በየት ነበር የሚገባው?»

«እሱም በቀኜ ተሰክቶ ይንጠባጠባል።»

ዳቦውን ትቼ ሮጥኩ። የለካነው እዚያው ክንድ ላይ የሚንጠባጠበውን፣ ጉበት ገና ያላየውን መድኃኒት ነበር! ሐኪሙ ሰምቶ ሳቀ፤ መድኃኒቱ ቢበዛ የሚጎዳው የደም ሕዋሳቸውም ደህና ስለነበር፣ መጠኑን ሳይቀንስ እንደገና ሊያስለካ ተስማማ። እስከዚያ ግን የታመምኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ቢሆንስ?

በቀጠሯቸው ቀን አጠገባቸው ቆምኩ። እማማ እንደለመንኳቸው ግራ ክንዳቸውን ዘረጉ፤ መርፌ የተሰካበትን ቀኛቸውን አምጥተው ክርናቸውን ሊደግፉ ሲሉ ነርሷ «ኧረ እማማ፣ አይንቀሳቀሱብኝ!» ብላ ጮኸች።

«አፉ በይኝ ልጄ፣ ንቄሽ አይደለም» አሏት ፊታቸውን አዙረው።

ውጤቱ ሲወጣ ቁጥሩ ከጣሪያው ወርዶ የሰው ቁጥር መስሏል፤ ስብርባሪዎቹም በልካቸው። ስልኩን ወደ ቀኝ እጄ አዛውሬ ለሐኪሙ ደወልኩ።