የእናቴ እጅና የላፕቶፑ ክዳን

ከጅማ የወጣሁ ዕለት፣ ከመግሪብ በኋላ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያለው ቤታችንን ዝናብ ይደበድበው ነበር። ሻንጣዬ ተቆልፏል። የቀረኝ ሥራ አንድ ነው፦ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ስማር የተጠቀምኩበትን አሮጌ ላፕቶፕ አባቴ አልጋ አጠገብ ማስቀመጥ። አባቴን ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ይዞታል፤ ስልክ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጫንኩበትና እኔ ስደውል ራሱ እንዲያነሳ አደረግኩት። አባቴ በዚያ በተሳሰረ አንደበቱ፣ «ሂጂ ልጄ፣ ድምፅሽ ብቻ እንዳይጠፋብኝ» አለኝ። ሄድኩ እናንተዬ፣ አንጀቴን እዚያው ጥዬ ሄድኩ።

ጀርመን የገባሁት አረጋውያን ለመንከባከብ ነው። ኮምፒውተር ተምሬ የሰው አባት ሳገላብጥ እውላለሁ! እንጀራዬ ነው፣ በሱ አላማርርም። የሚያማርሩኝ ብርዱና አከራዬ ናቸው። እኛ አገር ሲበርድ በር ይዘጋል፤ እዚህ መስኮት ይከፈታል። «ሉፍተን» ይሉታል፣ ቤት ማናፈስ መሆኑ ነው። በረዶ እየጣለ አከራዬ ትመጣና መስኮቴን ብርግድ ታደርገዋለች።

«በርዶኛል እኮ!» እላታለሁ።

«ካልተናፈሰ ግድግዳው ይሻግታል።»

«እኔስ?»

«አንቺ አትሻግቺም።»

ጃኬቴን ደርቤ፣ አፍንጫዬ ቀልቶ፣ ወደ ቤት እደውላለሁ።

ታዲያ መስመሩ ይቋረጥ ጀመር። ከአባቴ ጋር እያወራሁ ድንገት ጭልም! ደግሜ ብደውል የሚያነሳ የለም። በቃ አባቴ አንድ ነገር ሆነ እላለሁ። በእናቴ ስልክ ስሞክር እሷ ረጋ ብላ፣ «ማል ታኤ? ምን ሆንሽ?» ትለኛለች።

«እማ፣ ላፕቶፑን ማን ዘጋው?»

«እኔ ነኛ።»

«አትዝጊው ብዬሽ አልነበር? ክዳኑ ሲገጠም ይተኛል፤ ካልከፈትሽው አይነቃም!»

«ተከፍቶ ይዋል? አስተግፊሩላህ! ቁርኣን እንኳ ተከፍቶ ከተተወ ሰይጣን ያነበዋል።»

እናቴ አጋሮ ሳለን፣ ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ደመና ባየች ቁጥር ሸራ ለማልበስ ስትሮጥ የኖረች ሴት ናት። ክፍት ነገር ስታይ እጇ አያርፍም። እሷን መለወጥ ካልቻልኩ ላፕቶፑን ልለውጠው አልኩ።

አንድ የእረፍት ቀኔ «እማ፣ እስክጨርስ አትንኪው» ብዬ ለምኜ፣ ከዚህ ሆኜ በኢንተርኔት ውስጡ ገባሁ። ሊኑክስ ክዳኑ ሲዘጋ ምን እንደሚያደርግ የሚነገርበት «ሎግኢንዲ» የሚሉት ፋይል አለ። «ሀንድል ሊድ ስዊች» የሚለውን የክዳኑን መስመር አገኘሁና ፊቱ ሆና እንዳይሠራ ያገደችውን የ# ምልክት አጠፋሁ። «ሰስፔንድ»፣ ማለትም ተኛ፣ የሚለውን ልቀይር ስል ጭልም! የዙህር አዛን ተሰምቶ እናቴ ገጥማው ልትሰግድ ሄዳለች።

ወይ ጣጣ! ሰግዳ እስክትመለስና እስክትከፍተው ጠበቅኩ። እንደገና ገብቼ «ኢግኖር» ብዬ ጻፍኩ፤ ቢዘጉህም እንዳልሰማ ሁን እንደማለት ነው። ከዚያ ሪስታርት አደረግኩት። በዚያው ጠፍቶ ቢቀርስ? ቢስሚላህ ብዬ ደወልኩ። አነሳ! የአባቴ ፊት መጣ።

አፌን ሳልከፍት የእናቴ እጅ መጣና ስክሪኑ ጨለመ። ድምፁ ግን አልተቋረጠም። ትንሽ ታፍኖም ቢሆን ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። አልሀምዱሊላህ! እፎይ ብዬ ልጮህ ስል አባቴ ተናገረ።

«ለምን... ትዘጊያታለሽ?»

«አላየሃትም እንዴ? አፍንጫዋ ቀልቶ! በርዷታል እኮ።» ጨርቅ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። «ጋቢ ጣል ላድርግባት።»

«እቃ... እኮ ነው።»

«እቃ መሆኑን መች አጣሁት? እጄ እምቢ ይለኛል እንጂ።»

ለካ ሰይጣኑ ሰበብ ነበር፤ የምትዘጋው እንዳይበርደኝ ኖሯል! ላፕቶፕ ጋቢ ሲያለብሱት እንደሚግል አውቃለሁ፤ አንሽው ለማለት ግን አቃተኝ። «እማ፣ አለሁ እኮ፣ እሰማችኋለሁ» አልኩ ከጋቢው ሥር።

«አስተግፊሩላህ!» አለችና የሆነ ነገር ወደቀ። አባቴ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

እናቴ ድንጋጤዋ ሲበርድላት ወደ ክዳኑ ጠጋ ብላ፣ «አሁንስ ሞቀሽ?» አለችኝ።

«ሞቆኛል እማ» አልኳት። መስኮቱ ግን እንደተከፈተ ነበር።