አባቴ ያጨበጨበ ዕለት

ጆሃንስበርግ አጠገብ ካትሌሆንግ የሚባል ሰፈር ያለው የአባቴ ሱቅ ከአንድ መኪና ማቆሚያ አይሰፋም። ገዢው ውጭ ቆሞ በብረት ፍርግርጉ በኩል ይጠይቃል፣ አባቴ ከውስጥ ያቀብላል። እኔ ጆሃንስበርግ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነበርኩ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴን ከተማው ውስጥ ትሮይቪል ያለው ቤታችን እናደርስና እኔና አባቴ ሱቁን ልንከፍት እንሄዳለን። ለይስሙላ ዕቃ አቀባይ ብሆንም ዋናው ሥራዬ መተርጎም ነበር። አባቴ ከሆሳዕና ገጠር ከመጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የሰፈሩን ቋንቋ፣ ዙሉን፣ የሚናገረው ግን የሱቅ ዙሉ ነው። ዳቦ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ደህና ዋልሽ እናቴ። ከዚያ ያለፈውን ከእኔ ነው የሚሰማው።

የአገሪቱ ምርጫ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ከሳምንት በላይ መንገዱ ሁሉ መብራት አልነበረውም። እኛ ግን ፍሪጆቹን የሚያሠራ ሶላርና ባትሪ ነበረን። የፓርቲ መሪዎቹ በቴሌቪዥን ይከራከራሉ በተባለበት እሑድ፣ ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩ አሮጊት ገና ሱቁን ሳንከፍት ቆመው ጠበቁን። ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ ነው የሚላቸው፣ አያቴ እንደማለት።

"አባትሽን ለምኚልኝ" አሉኝ። "ያቺን ቴሌቪዥን ፊቷን ወደ ውጭ ያዙርልን። ቤታችን ጨለማ ነው። ሰዎቹ የሚሉትን ሳንሰማ እንዴት አድርገን እንምረጥ?"

ተረጎምኩለት። አባቴ ልመና አላስፈለገውም፤ መዝሙር የሚሰማባትን ትንሽ ቴሌቪዥን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ወደ ፍርግርጉ አዞራት። "ጎረቤት ለመቼ ነው?" አለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን አርባ የሚያህል ሰው ተሰብስቦ ነበር። ወንበር ይዞ የመጣ አለ፤ ሌላው የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠ። ጎጎ ከፊት ናቸው። እኔና አባቴ ከቴሌቪዥኗ ጀርባ ስለነበርን ምስሉ አይታየንም። የምናየው የተመልካቾቹን ፊት ነበር።

እንደ ኳስ ነበር የሚያዩት። አንዱ መሪ ስለ ውኃ ሲያወራ "እስቲ መጥተህ ቧንቧዬን ክፈታት!" ይላሉ። ሌላው ስለ ሥራ ቃል ሲገባ ሳቅ ይሆናል። ስለ መብራት ሲነሳማ ጩኸቱ ክርክሩን ዋጠው፤ ጎጎ ዘወር ብለው መስማት አለመቻላቸውን በቁጣ ተናገሩ። አባቴ ቀዝቃዛ መጠጥ እያቀበለ "ደስ ሲሉ!" ይለኛል። ደስ ብሎት ነበር። እነዚህ ሰዎች እንዲህ ተሰብስበው በራችን ላይ ተቀምጠው አያውቁም።

ከዚያ ክርክሩን የምታወያየው ጋዜጠኛ ስለ ውጭ አገር ሰዎች ጠየቀች።

ከመሪዎቹ አንዱ በእንግሊዝኛ መመለስ ጀመረ። መሐል ላይ ትቶት ወደ ዙሉ ዞረ። "በየሎኬሽኑ፣ በየሰፈራችን ያለው ስፓዛ ሁሉ ወደ ልጆቻችን ይመለሳል" አለ። "የውጭ አገር ሰው በአንድ ወር ውስጥ ቁልፉን ያስረክባል። መንግሥት ለልጆቻችን ብድርና ፍሪጅ ይሰጣል።"

አባቴ አንዲቷን ቃል ያዛት፤ ስፓዛ እንደ እኛ ያለ የሰፈር ሱቅ ነው። "ስፓዛ አለ አይደል? ስለ ስፓዛ ምን አለ?"

ባለፈው ወር ደም ግፊቱ ወጥቶ ክሊኒክ አስተኝተውት ነበር። የታየኝ እሱ ነው።

"መንግሥት ለስፓዛዎች ብድርና ፍሪጅ ይሰጣል አለ" አልኩት።

ውሸት አልነበረም። ግማሹን ነው ያልኩት።

በዚሁ ቅጽበት ውጭ ያለው ሕዝብ አጨበጨበ። ፉጨት ቀለጠ። የአባቴ ፊት በራ። "ተመስገን!" አለና የያዘውን ወተት አስቀምጦ እሱም አጨበጨበ። በሁለት እጁ፣ እጆቹን ከፍ አድርጎ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያጨበጭበው።

መጀመሪያ ያዩት ጎጎ ናቸው። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ከጎናቸው ያለው ሰው አቆመ፣ ከዚያ ከኋላቸው ያሉት። ጸጥታው ከፊት ወደ ኋላ ሲሄድ ይታየኝ ነበር። በመጨረሻ የሚሰማው የአባቴ ጭብጨባ ብቻ ሆነ።

ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ተነሥቶ ፍርግርጉን በመዳፉ መታው። እናቱ ጋር ሦስት መንገድ ወረድ ብሎ እንደሚኖር አውቃለሁ። "ማይ ፍሬንድ!" አለ፤ አባቴን ሁሉም የሚጠራው እንዲያ ነው። "በእኛ ነው የምታሾፈው? ማንም አይነካኝም ማለትህ ነው?"

አባቴ ፈገግ እንዳለ ወደ እኔ ዞረ። "ምን ይላል?"

ከኋላ የተወረወረ ጠርሙስ ፍርግርጉን መታና መጠጡ ቴሌቪዥኗ ላይ ተረጨ። የአባቴ ፈገግታ ጠፋ። በክንዱ ገፋ አድርጎ ከጀርባው አደረገኝ። ሰዎቹ ወደ ፊት ተጠጉ፤ የፍርግርጉ ቁልፍ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። አንድ ድምፅ "አውጡት!" አለ።

ከአባቴ ክንድ ሥር ወጥቼ በዙሉ ጮህኩ። "አልሰማም! ሰውየው ያለውን አልሰማም! የነገርኩት እኔ ነኝ። ግማሹን ደብቄዋለሁ!"

ቀጥ አሉ።

"ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?" አሉ ጎጎ።

"መንግሥት ፍሪጅ ይሰጣችኋል ብዬ።"

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሦስት አራት ሰዎች ሳቁ። ባለ ቱታው አልሳቀም። "አሁን ንገሪው" አለ። "እዚሁ፣ እኛ ፊት።"

ነገርኩት። አማርኛዬ ጠፋኝ፤ "ቁልፍ ስጡ ነው የሚለው አባዬ፣ የውጭ ሰው ሁሉ፣ ሱቅ ይተው ነው የሚለው" እያልኩ ተንተባተብኩ።

"መቼ?" አለ አባቴ።

"በአንድ ወር።"

"እነሱም ያጨበጨቡት ለዚህ ነው?"

"አዎ።"

ወደ ሰዎቹ ዞሮ አያቸው። ማን የትኛውን ዳቦ እንደሚወድ፣ የማን ልጅ አስም እንዳለበት ያውቃል። ጎጎን አየ፤ ጎጎ መሬት መሬት አዩ። ዓይናቸውን ያልሰበሩም ነበሩ። እጁ ወደ ቴሌቪዥኗ ሲሄድ ሊያጠፋት መስሎኝ ነበር። ጨርቅ አንሥቶ የተረጨውን መጠጥ ጠረገና ተዋት።

"ይኼን ልጅ ምን እንዳደረግኩት ጠይቂው" አለኝ።

ጠየቅሁት። ባለ ቱታው እንዲህ አለ፦ "እናቴ ጋራዧ ውስጥ ሱቅ ነበራት። አንተ ከመጣህ በስድስት ወር ተዘጋ። እሷ ባመጣችበት ዋጋ አንተ ትሸጥ ነበር። እንዴት ነው እንደዚያ የምታደርገው?"

አባቴ ሲመልስ እኔ ቃል በቃል ተረጎምኩ። "ዐሥራ ሁለት ባለሱቆች ነን። በአንድ መኪና አብረን እንገዛለን፣ ስለዚህ ይረክስልናል። ሌላ ምሥጢር የለውም።"

"ታዲያ ለእናቴ ለምን አልነገርካትም? ዐሥራ ሦስተኛ ሁኚ ለምን አላልካትም?"

ቴሌቪዥኗ ውስጥ ሌላ ሰው ማውራት ጀምሮ ነበር።

"ትዝ አላለኝም" አለ አባቴ። "እውነቱን ንገሪው። አላሰብኩትም። ቤቷም ቅርቤ ነበር።"

ነገርኩት። ሰውየው ሊመታን ይሁን ሊሄድ አላወቅሁም፤ እሱም ያወቀ አልመሰለኝም። ያኔ ጎጎ ድንገት እጃቸውን አነሡ። "ዝም በሉ! ስለ ጡረታ ሊናገር ነው!" አሉ። እንደ ቀልድ አልነበረም፤ ከምር ነበር። ሰዎቹ አንድ በአንድ ተቀመጡ። ባለ ቱታው ግን አልተቀመጠም፤ ሄደ።

ክርክሩ እስኪያልቅ ሌላ አንድ ሰዓት ቆየ። ያን ያህል የረዘመ ሰዓት አላውቅም። መጠጥ የጠየቀን የለም። ሲያልቅ ወንበራቸውን ይዘው ተበተኑ፤ የተወሰኑት አመሰገኑን፣ የተወሰኑት ወደ እኛ ሳያዩ ሄዱ። አባቴ መዝጊያውን አወረደ። ገና አልመሸም ነበር።

መኪናችን አውራ ጎዳናው ላይ ወጣ።

"ስንት ጊዜ እንዲህ አድርገሻል?" አለኝ።

"ብዙ ጊዜ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዘጠኝ ዓመቴ።" ማልቀስ ጀመርኩ። "'አገርህ ግባ' ሲሉህ 'ደህና እደር' ነው ያሉህ እልህ ነበር።"

መኪናውን ዳር አስያዘና አቆመ። መሪውን እንደያዘ ወደ ፊት ተመለከተ።

"እና እኔ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ለሰደበኝ ሰው ሁሉ 'አንተም ደህና እደር' ስል ኖርኩ።"

መሳቅ ፈልጌ ነበር። ፊቱን ሳየው አልቻልኩም።

"ከእንግዲህ እንደተባለው ንገሪኝ" አለኝ። "ከፋም በጀም ጆሮው የእኔ ነው። ባውቅ ኖሮ አላጨበጭብም ነበር። ባውቅ ኖሮ አንቺን ቀድሜ አስወጣ ነበር።"

ይቅርታ ጠየቅሁት። "እሺ" አለ እንጂ "ምንም አይደል" አላለም።

የምርጫውን ሳምንት ሱቁን ዘጋው። ያ መሪ የተወሰነ ድምፅ አገኘ፣ አገሩን ግን አልመራም፤ ቁልፋችንንም የጠየቀን የለም። በተከፈተ በመጀመሪያው ጠዋት ዳቦ ሊገዙ ከመጡት ውስጥ ያን ዕለት ያጨበጨቡ ነበሩ። ጭራሽ ያልተመለሱም አሉ።

ከወር በኋላ ትምህርት ላይ እያለሁ አባቴ ደወለ። የባለ ቱታው እናት ፍርግርጉ ጋ ቆመዋል፤ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠውና ተርጉሚ አለኝ። ከክፍል ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሴትየዋ የመጡት ያ በአንድ መኪና አብሮ መግዛት እውነት መሆኑን ለመጠየቅ ነው። አባቴ አብራሩልኝ ያሉትን ሁሉ አብራራ።

"ንገሪው" አሉኝ ሴትየዋ። "አላምነውም። ግን እሞክራለሁ።"

እንደተባለው ነገርኩት።

"እኔም አላምንዎትም በያቸው" አለ አባቴ። "ግን ማክሰኞ ለግዢው ይምጡ።"

ይህንንም እንደተባለው ነገርኳቸው። ሴትየዋ ሳቁ፤ ሳቃቸው በስልኩ ውስጥ ተንኮሻኮሸ። ከዐሥራ ሁለቱ ሁለቱ አንፈልግም ብለው ነበር፤ አባቴ ሁለት ሳምንት ተከራክሮ ሴትየዋን አስገባቸው። ዛሬ ጋራዣቸው ውስጥ እንቁላልና የበቆሎ ዱቄት ይሸጣሉ፤ ከእኛ ደንበኞችም ወደ እሳቸው የሄዱ አሉ። አባቴ በዚህ ያጉረመርማል። የሚያጉረመርመው ግን ለእኔ በአማርኛ ነው፤ መተርጎም የለብኝም።