ማርስ በዓሣ ፍሪዘር ውስጥ

ባሕር ዳር ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ አንድ ጥያቄ አይለቀኝም ነበር፤ ሕይወት ያለው ነገር የማርስን ብርድ ይችላል ወይ? ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ በሚለጠፈው አረንጓዴ ሽፋን ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ ስምንት እግር ያላቸው እንስሳት እንደሚኖሩ፣ ብርድ ሲበረታባቸውም እንደ ሞተ ሆነው ክፉ ጊዜ እንደሚያሳልፉ አንብቤያለሁ። ማንበብና ማየት ግን ለየቅል ነው።

ክረምቱ እንደወጣ ጣና ዳር ካለ ጥቁር ድንጋይ ላይ ሽፋኑን በቢላ ፍቄ ወደ ትምህርት ቤት ወሰድሁ። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ አንዲት ጠብታ ማይክሮስኮፕ ሥር ሳደርግ አንዲት ድቡልቡል ፍጥረት ስትድህ አየሁ። ብቻዬን ጮህሁ! የቀረኝ ማቀዝቀዣ ነበር፤ እሱ ደግሞ ትምህርት ቤታችን የለውም።

ዓሣ ነጋዴዋ ጎረቤቴ ግን ትልቅ ፍሪዘር አላቸው። ከወረታ የመጡ፣ በዕድሜ እናቴን የሚሆኑ ሙስሊም ሴት ናቸው።

"ምንድን ነው ልጄ የያዝሽው?" አሉኝ በእጄ ያለውን ብልቃጥ እያዩ።

"ከድንጋይ የተፋቀ ነው። ፍሪዘርዎ ውስጥ ላቆየው ብዬ ነው።"

"ከዓሣዬ ጋር?"

"ታሽጓል፣ አይነካውም። ማርስ የምትባል ቀዝቃዛ ጎረቤት አለችን፤ እዚያ ሕይወት ይኖር እንደሆነ ልሞክር።"

"ጎረቤትሽ እኔ አይደለሁ እንዴ?" ብለው ሳቁና ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ገፋ አድርገው ቦታ ሰጡኝ።

ከሳምንታት በኋላ መብራት ጠፋ። እሳቸው ዘንድ ስደርስ ዓሣው ውሃ ማንጠባጠብ ጀምሯል፤ እሳቸው እንዳይበላሽ አብዛኛውን ጨው እየነሰነሱበት ነው። እጅጌዬን ሰብስቤ ሳግዛቸው፣ ሙከራዬማ ተበላሸ አልሁ በልቤ። እጄ ጨው ውስጥ እንዳለ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ማርስም ወገቧ ላይ ቀትር ሲሆን ሞቅ ይላታል፤ ሲመሽ መልሳ ትበርዳለች!

"አልተበላሸም!" ብዬ ብድግ አልሁ።

"ዓሣው?" አሉኝ በተስፋ።

መብራት ሲመጣ ብልቃጡን መልሰን አቀዘቀዝነው። ቆይቶ አንድ ቅዳሜ ማይክሮስኮፑን ተውሼ በራፋቸው ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል አቆምሁት። ከብልቃጡ ቆንጥሬ ውሃ ጠብ አደረግሁበት። እንስሳቱ ሁሉም እንደተጠቅለሉ ናቸው። እሳቸው ሶላታቸውን ሰግደው ተመለሱ፤ እኔ ዓይኔን አልነቀልሁም። በመጨረሻ አንዷ ዘርጋ አለች። አንድ እግር፣ ቀጥሎ ሌላ።

"ይምጡ! ይምጡ!"

ጎንበስ ብለው ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው አዩ። "ወላሂ፣ ትሄዳለች!" ትከሻዬን ይዘው ወዘወዙኝ፤ ሁለታችንም እንደ ልጅ ዘለልን።

የዓሣ ፍሪዘር ማርስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የእዚያ ብርድ ከዚህ የትና የት ይከፋል፤ አየሩ ስስ ነው፤ የፀሐይዋን ጨረር የሚከልል ነገር የለም። ካየኋቸውም ብዙዎቹ አልነቁም። ይህን ስነግራቸው ሌላ ጥያቄ አመጡ።

"ብርዱንስ ቻለችው እንበል። እዚያ ምን ትበላለች?"

"እሱን እኔም አላውቅም።"

"እንግዲያ ፈልጊያ!" አሉና አምባዛ ዓሣ ሊገዙ በር ላይ የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ እየጠሩ ማሳየት ጀመሩ።