ሁለት ጠርሙስ የኩሬ ውሃ

ጫልቱ ከጊዳ አያና መጥታ ነቀምቴ ክፍል ተከራይታ የምትማር ጎበዝ ልጅ ነበረች። ኦቦ ፈይሳ አባቷ ናቸው፤ ገበሬ። መምህር ደረጀ ከጎጃም ተመድበው የመጡ የባዮሎጂ አስተማሪያችን። አራተኛው እኔ፣ የክፍል ጓደኛዋ ነኝ።

ሰሞኑን ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጄ ባለ አንድ ሴል ፍጥረታት ሁለት ሁለት ሆነው ተጣብቀው ሲዋኙ በስልኳ አሳየችኝ።

"ርቧቸዋል" አልኳት።

"አባዬ፣ አንተ ደግሞ ይሄን ከየት አወቅህ?"

ትምህርቴን ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ የቀረውን ከመጻሕፍት ለቃቅሜዋለሁ። ይህን ግን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም።

ተማሪ ሳለን፣ ማንጎ የሚረግፍበት ግንቦት ነበር፤ መንገዱ ጭቃ መሆን ጀምሯል። ለሳይንስ ውድድር እኔና ጫልቱ አንዱን ጠርሙስ ከኡኬ፣ ሌላውን ከአኖ ኩሬ ሞላን። መምህሩ እንዳስረዱን፣ እነዚህ ፍጥረታት ሲጠግቡ ለሁለት እየተከፈሉ ይበዛሉ እንጂ ጓደኛ አይፈልጉም። ምግብ ሲያልቅባቸው ነው ከሌላ ወገን ጋር የሚጣመሩት። ስለዚህ የሁለቱን ኩሬ ወገኖች ለየብቻ አስራብናቸው። በውድድሩ ጠዋት ሁለቱን ውሃ ቀላቅለን ጥንዶቹን በማይክሮስኮፕ ልናሳይ ነው። ጫልቱ ካሸነፈች አዳሪ ትምህርት ቤት በነጻ ትገባለች። ካልሆነ፣ አዝመራ የከዳቸው አባቷ የክፍል ኪራይ መክፈል ስለማይችሉ፣ ሽማግሌ ለላከው ሰው ትዳራለች።

ውድድሩ ሲቃረብ ኦቦ ፈይሳ ዳፕ ማዳበሪያ በብድር ሊገዙ ነቀምቴ መጡ፤ ለእኛም ቅቤ የጠገበ የጤፍ ቂጣ፣ ጩምቦ ይዘው። እያጎረሱን ጠርሙሶቹን አዩ።

"ምንድን ነው?"

"ነፍስ ያላቸው ናቸው፣ አባ። እያስራብናቸው ነው።"

"ኢጆሌ! ማሎ! ኧረ ልጆች፣ ነፍስ ያለውን ቤት አስገብቶ ማስራብ ከማን ተማራችሁ?" ብለው ሳቁብን።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ማዳበሪያቸውን ተሸክመው በር ላይ ቆመዋል። "አብልቻቸዋለሁ" አሉ ደስ ብሏቸው። በየጠርሙሱ አንድ ቁንጥጫ ዳፕ ጨምረዋል። ማሳውን የሚያበላው ነገር ሁሉንም ያበላል ብለው ነው።

ጫልቱ ፊቷ ጠቆረ። ቢሆንም "ገለቶማ፣ አባ" ብላ አመሰገነቻቸው።

ውሃው ደፈረሰ። ባክቴሪያው የዳፑን ፎስፈረስ መጥጦ ፈላ፤ የእኛዎቹ ባክቴሪያውን በልተው ወፈሩ። እንደገና ለማስራብ ጊዜ አልነበረም። መምህር ደረጀ በማይክሮስኮፑ ብዙ አይተው ቀና አሉና "ጠግበዋል" አሉ። በውድድሩ ዕለት አንዱ ዳኛ አየና፣ "ሙሽሮቹስ የት ቀሩ?" ብሎ አዳራሹን አሳቀ።

ሙሽራዋ ጫልቱ ሆነች። ሠርጉ ላይ ኦቦ ፈይሳ ወደ ጥግ ወሰዱኝ። "እኔ እንኳ አብልቻቸው ነበር፤ ምን ነካቸው?" አሉኝ። ጫልቱ ከሩቅ እያየችኝ ነበር። አላውቅም አልኳቸው።

ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት። ለሰው ደግ ልትሠሪ ስትነሺ አስቀድመሽ ጠይቂ አልኳት። ይህን ስመክር ግን እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እንደማበላቸው አውቃለሁ። መምህሩ ከዚያ ወዲህ ተማሪ ለውድድር አላቀረቡም። እኔ ብዙም አልከፈልኩም። ጫልቱ ትምህርቷን ከፈለች። ኦቦ ፈይሳ ምንም ሳያውቁ ሞቱ፤ ያንን አለማወቃቸውን ደግሞ እሷው በዝምታዋ ከፈለችላቸው።