ሁለት ሳተላይት የያዘው ብረት

ሙሄዲን ደሴ ፒያሳ ላይ ዲሽ እየሰቀለ የሚኖር ሰው ነው። ጣራ ላይ ሲወጣ ኮምፓስ አይይዝም፤ ፀሐይዋን አየት አድርጎ ሳህኑን በትከሻው ገፋ ያደርግና «ይኸው ሃያ ስድስት ዲግሪ» ይላል። ሰማይ ለሌላው ሰው ባዶ ነው። ለእሱ ግን ሳተላይቶቹ እንደ ገበያ መደብ የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ አንዱ በሌላው መደብ አይቀመጥም።

ኑሮውን የለወጠው በአንድ የረመዳን ወር ያገኘው ብልሃት ነው። ደንበኞቹ የዓረቡንም የአውሮፓውንም ሳተላይት ይፈልጋሉ፤ ሁለት ሳህን መግዛት ግን አይችሉም። ሙሄዲን በአንድ ሳህን ፊት ሁለት የምልክት መቀበያ ራሶችን ጎን ለጎን የሚያስር ብረት አሰበ። ራሶቹ ምን ያህል ይራራቁ? ወሩን ሙሉ ሲሞክር ከርሞ፣ ስምንት ጣት ላይ ሁለቱም ምስል ጠርቶ መጣ። ብረቱን የቆረጠውና የበየደው የሥራ ባልደረባው አግማስ ነበር። አራት ዓመት አብረው ሰቀሉ፤ ከዚያ አግማስ አግብቶ ኮምቦልቻ ወረደ።

በ2001 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከጠበቃ ደብዳቤ መጣ። ብረቱ የአግማስ ፈጠራ ተብሎ አዲስ አበባ ተመዝግቧል፤ ሙሄዲን ከእንግዲህ ሊሠራውም ሊሰቅለውም አይችልም ይላል። ሙሄዲን ሌላ ሙያ የለውም። የሰፈሩን ሽማግሌ ሼህ ሀፊዝን ለምኖ አብረው ኮምቦልቻ ወረዱ።

«ብረቱን ማን ቆረጠው?» አለ አግማስ ገና ሳይቀመጡ።

«አንተ።»

«ማን በየደው?»

«አንተ። ስምንት ጣት ይራራቅ ያለህስ ማነው? የጎረቤትህ በሬ ነው?»

«አንተማ ስትለካ ነው የምትውለው፤ ልብስ ሰፊ ብትሆን ይሻልህ ነበር!»

ሼህ ሀፊዝ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። «እኔ የፈጠራ ወረቀት አላውቅም፤ መሐላ ግን አውቃለሁ» አሉ። «አግማስ፣ ሐሳቡ የራሴ ነው ብለህ ማል። ከማልክ ሙሄዲን ይተውልሃል። አልምልም ካልክ ወረቀቱን ትተዋለህ።»

አግማስ ወደ ጓዳው ዞረ። ሚስቱ ፋሲካ እዚያ የሃያ ቀን ልጇን ታጠባ ነበር። ገባና ሕፃኑን ታቅፎ ወጣ።

«በዚህ አርባው ባልሞላ፣ ክርስትና ባልተነሣ ልጄ…»

ሙሄዲን ዘሎ አፉን በመዳፉ ከደነው። «በሕፃኑ አትማል! ወላሂ፣ በሕፃኑ አትማል!»

ፋሲካ ከጓዳ ወጥታ ልጇን ከባሏ እጅ ነጠቀች።

«ልጄ፣ ደንቡን ታውቃለህ» አሉ ሼሁ ወደ ሙሄዲን ዞረው። «መሐላ የከለከለ ክሱን ተወ።»

«አውቃለሁ፣ አባ።»

አግማስ አንገቱን እንደደፋ ቀረ። ሲወጡም አልሸኛቸውም።

በሳምንቱ ሙሄዲን ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ከምትጽፈው ከእትዬ ፀሐይነሽ ዘንድ ቀረበ።

«ከመመዝገቡ በፊት ሰው አይቶታል?» አለችው።

«የደሴ ጣራ ሁሉ ተሸክሞታል፤ አራት ዓመት ቀድመን ነው የሰቀልነው።»

«እንግዲያ አዲስ ፈጠራ አይባልም፤ የሱ ወረቀት ይሰረዛል። ግን ልብ አድርግ፣ ያንተም አይሆንም። ማንም እየተነሣ ይሠራዋል።»

«የእኔ ነው ማለቱንማ ሽማግሌ ፊት ትቻለሁ።»

«ታዲያ አንተ ምን ትጠቀማለህ?»

«መሥራት አልከለከልም።»

ሙሄዲን ብዕሩን ተቀብሎ ፈረመ።

የአግማስ ወረቀት በተሰረዘ በጥቂት ወር ውስጥ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለ በያጅ ሁሉ ብረቱን በሩ ላይ ደርድሮ ይሸጥ ጀመር። አንድ ጠዋት ሸሪፋ የምትባል ሴት ከቦሩ ሜዳ መጥታ ሙሄዲን ሱቅ ገባች።

«ያን ደምለው የሚባለው በያጅ የፈለሰፈውን ብረት መግጠም ታውቃለህ?»

«እሞክረዋለሁ» አለ ሙሄዲን፣ መሰላሉን እያነሣ።

«ሞክረህ እንዳታበላሽብኝ እንጂ!» አለችው ሸሪፋ።