ለነገረኛዋ ባዝራ የተለበሰ ካፖርት

መርፌ ተኳሹ ሰሞኑን አንድ ቦታ መርጋት አቅቶት ቁጭ ብድግ ይላል። ሥራው ከከተማው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ የሚርመሰመሱት የዱር ፈረሶች ከልክ በላይ እንዳይበዙ ማድረግ ነው፤ ባዝራዎቹን ከሩቅ መርፌ በሚተኩስ ጠመንጃ እርግዝና የሚከላከል ክትባት ይወጋቸዋል። ክትባቱ ሁለቴ ነው፤ ሁለተኛው ካልተሰጠ የመጀመሪያውንም ውሃ በላው ማለት ነው። ሁሉም ተደግሞላቸው አንዲት ዳማ ባዝራ ብቻ ቀረች። «ነገረኛዋ» ይላታል። መኪናውን ታውቃለች፣ ባርኔጣውን ታውቃለች፣ አረማመዱን ሳይቀር ታውቃለች፤ ገና ብቅ ሲል ትፈረጥጣለች።

ሚስቱን ግን አትሸሽም። ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ሜዳውን የሚያዋስነው የግቢያቸው አጥር ድረስ መጥታ አጠገቧ ትግጣለች።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔንም እንቅልፍ ነሳኸኝ እኮ። ለአንዲት ፈረስ ብለህ ልታብድ ነው?» አለችው ሚስቱ።

በማግስቱ ገበያ እስክትሄድ ጠብቆ ልብስ ስታሰጣ የምትለብሰውን ቀይ ካፖርቷን ደረበ፣ ሻሿን አሰረ፣ ጠመንጃውን ቅርጫት ውስጥ ከእርጥብ አንሶላ ሥር ደብቆ ወጣ። ጎረቤት ቢያየው ጉድ ይፈላ ነበር። ባዝራዋ ጆሮዋን አቁማ አየችው። አልሸሸችም፤ እንዲያውም ቀረበች። መርፌውን ታፋዋ ላይ ሰካላት፤ በርግጋ ጠፋች።

እፎይታው አንድ ቀን አልዘለቀም። ጠዋት ሚስቱ ካፖርቷን ለብሳ ልብስ ልታሰጣ ወጣችና ቅርጫቱን እንደሞላ ይዛ ተመለሰች።

«ዛሬ ገና ስታየኝ እግሬ አውጪኝ አለች። እኔ ምን አደረግኳት?»

መርፌ ተኳሹ ብድግ ብሎ ጫማውን ይፈልግ ጀመር። ጫማው እግሩ ላይ ነበር።